አህያዋ ወዴት ታጠፈች?

ባለፈው ሳምንት መጽሔቱን ሳታነቡ መስታወት የወለወላችሁበት ካላችሁ አልቀየምም፤ ባጭሩ ላስታውሳችሁ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እነቅላለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ጎማ የጠፋ ቀን ደግሞ ጉራ እነፋለሁ። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን እስካሁን አስታራቂ አላገኘንም። የሚያውቀኝ ሁሉ «አያልቅበት» ይለኛል። እውነት ነው፣ ወሬ አያልቅብኝም።

እሷ የሞተር ብስክሌት አሰልጣኝ ናት። ሰልጣኞቿ ሁሉ «ቲቸር» እንላታለን። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን ካለ ማጉያ ሜዳውን ይሞላል። አባቷ የአጥንት ሐኪም ናቸው፤ ሞተር የሰበረውን እግር ሲገጥሙ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው። «ሞተረኛ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል። ልጃቸው ይህን ሥራ ከያዘች ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አባትና ልጅ ገበታ ላይ የሚያወሩት ስለ ዝናቡና ስለ ፀሐዩ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ እኔ ጎሚስታው መጣሁላቸው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ።

ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ፣ ከአህያዋ በስተቀር፣ እውነት ነው።

*

የመጀመሪያው ቀን ሜዳው ላይ ብርቱካናማ ኮኖች በስምንት ቁጥር ተደርድረው ነበር። እሷ ጫፉ ላይ ጠረጴዛ አስቀምጣ፣ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች፣ እንዲህ አለችን፦

«ሞተር እጃችሁን አይሰማም፤ ዓይናችሁን ነው የሚሰማው። ጉድጓድ ጉድጓዱን ካያችሁ ጉድጓድ ትገባላችሁ። መውጫውን ካያችሁ ትወጣላችሁ። ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል ቲቸር!»

እኔም ገብቶኛል። የአጎቴን ሞተር ያለ ፈቃድ ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ቅቤ አንሸራተትኩት። በሁለተኛው ቀና ስል እሷን አየኋት። ዓይኗ ብቻ ነው በሄልሜቱ መስኮት የሚታየው። ሞተር ደግሞ ታዛዥ ፍጡር ነው፤ ሁለት ኮን ረግጦ፣ ጠረጴዛዋን ገልብጦ፣ የስም መዝገቧን ለንፋስ ሰጥቶ፣ እግሯ ሥር ቆመ።

«ምን እያየህ ነበር?» አለች።

«መውጫውን።»

ሰልጣኙ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ የሄልሜቷን መስታወት ዝቅ አደረገች። ተቆጣች ብዬ ስፈራ፣ መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ሲደበዝዝ አየሁ። እየሳቀች ነበር። ተመስገን! እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ የደበዘዘ መስታወት ባለዕዳ ነኝ።

በዕረፍት ሰዓት የአህያዋን ታሪክ አወራኋቸው። እንዴት ፍሬን በሌለው ሞተር ቁልቁለት ስወርድ ፍራሽ የጫነች አህያ መንገድ እንደዘጋችብኝ። እንዴት ተወርውሬ ፍራሹ ላይ እንዳረፍኩ። አህያዋ በድንጋጤ ከሥሬ ሾልካ ሞተሩ ላይ እንደወጣችና እኔን ፍራሹ ላይ ጥላኝ እንደሄደች። መስቀለኛው መንገድ ላይ ስትደርስም ስፖኪዮውን አይታ፣ ፍሬቻ አብርታ...

«ከዚያስ? ወዴት ታጠፈች?» አሉኝ አብረውን የሚሰለጥኑት አዋላጅ። እኚህ ሴት ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ቶሎ ለመድረስ ብለው ሞተር የሚማሩ፣ የማይፈሩ ሰው ናቸው።

«ቆይ እማማ፣ እሱ ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን።»

እውነቱን ለመናገር መጨረሻውን እኔም አላውቀውም ነበር።

ቲቸር ግን አልሳቀችም። «ውሸትህን በሩ ላይ አራግፈህ ግባ» አለችኝ። «እዚህ የምንማረው የሰው ነፍስ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ነፍሱን አስተማረችን። «የወደቀ ሞተረኛ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? የሚወድቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ስትል፣ እኔ ጥያቄውን ሳትጨርስ ወድቄያለሁ። ሳር ላይ ተዘርሬ ተንጋለልኩ። ከራስጌዬ ተንበርክካ፣ ሄልሜቴን በሁለት መዳፎቿ መካከል ያዘች።

«የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አታወልቁም። ሰው ሁሉ አውልቁ ይላችኋል፣ አትሰሙም። መስታወቱን ብቻ ክፈቱ። ጭንቅላቱን እንዲህ ያዙ፣ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ። አምቡላንስ እስኪደርስ እጃችሁ ቢደነዝዝ አትለቁም። ደግሞ አናግሩት፤ እንዳይተኛ አናግሩት።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ለምንድን ነው የምትስቀው? ተጎድተሃል እኮ» አለችኝ።

«በጣም ተጎድቻለሁ ቲቸር» አልኳት።

እጇ አልተነሳም። ትምህርቱ ካለቀ በኋላም ለአንድ ትንፋሽ ያህል አልተነሳም። ይህን እኔና እሷ እናውቃለን።

*

ከሁለት ወር በኋላ «አባዬ እሺ አለ» አለችኝ። «እሁድ ሰባት ሰዓት፣ ምሳ። አንድ ጊዜ ብቻ እየው ብዬ ለምኜው ነው። ከቀረህ ሁለተኛ አልለምነውም።»

«መሬት ብትከፈት እመጣለሁ።»

«ውሸት ደግሞ የለም።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም!»

«ስለ አህያዋ ቢጠይቁኝስ?»

«አንተ!»

እሁድ የአክስቴን ባል ሙሉ ልብስ ተዋስኩ፤ እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ከላዩ ላይ የማሰልጠኛውን ቢጫ ሰደርያ ደረብኩበት፤ ጀርባው ላይ በጥቁር ቀለም 17 የተጻፈበትን። ከሜዳው ማውጣት ክልክል ነው። እኔ ግን አባትየው ጠንቃቃነቴን ገና ከሩቅ ይዩት ብዬ ነው። ሞተር አልነካሁም፤ ፈቃድ ሳልይዝ መንገድ ላይ እንደማልነዳ ምዬላታለሁ። በእግሬ ነበርኩ።

አደባባዩ ጋ ስደርስ ገና ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር። ዳቦ የጫነ ሞተረኛ መንገዱን ይዞ ይመጣል። አንድ ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈበት። አህያዋ እንኳን ታሳያለች! ድምፁን አልነግራችሁም። ዳቦው አስፋልቱን ሞላው፤ ሰውየው መሃሉ ላይ በጀርባው ተኝቷል።

ሰው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ በአንዴ ከበበው። «ሄልሜቱን አውልቁለት፣ አየር ያግኝ!» «ውሃ! ውሃ!» «አንሡና ታክሲ ውስጥ አግቡት!» አንዱ ጎበዝ አገጩ ሥር ገብቶ ማሰሪያውን ሊፈታ ይታገላል።

እኔ በዕድሜዬ ሰው አዝዤ አላውቅም፤ ጎማ እንኳን ለምኜ ነው የማስገባው። ያን ቀን ግን ከሆዴ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፣ የእሷ ነበር።

«ማንም እንዳይነካው!»

ቀጥ አሉ። ሙሉ ልብስና ቢጫ ሰደርያ ሲያዩ የሆነ መሥሪያ ቤት ኃላፊ መሰልኳቸው። ተንበረከክሁ። መስታወቱን ከፈትኩ፤ ይተነፍሳል። ሰደርያዬን አውልቄ ለአንዲት ሴት ሰጠኋትና ጭንቅላቱን በመዳፎቼ መካከል ያዝኩ። ሴትየዋ ጠቅልላ በአንገቱ ጎን አስደገፈችልኝ። ለአንዱ ወጣት ደግሞ «ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አውጣና አምቡላንስ ጥራ» አልኩት። ጠራ። አምቡላንሱ መጣ፤ ስልኬ ግን አልመጣችም።

እሱ በኋላ ነው። በመጀመሪያ አምቡላንሱ እስኪመጣ ሃምሳ ደቂቃ ነበር።

«እንቅልፌ... መጣ» አለ ሰውየው።

አናግሩት ያለችው ትዝ አለኝ። ምን ላውራ? እኔ ያለኝ አንድ ዕቃ ነው። «ስማኝ ወንድሜ፣ አንድ ቀን ፍሬን በሌለው ሞተር ቁልቁለት ስወርድ...» ብዬ ጀመርኩ። ፍራሹን ነገርኩት። አህያዋን ሞተሩ ላይ አወጣኋት። ስፖኪዮውን አሳየኋት። ልክ ፍሬቻ ስታበራ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አህያ... እጅ የላት። በምን... ታበራለች?»

ተመስገን አልኩ። የሚከራከር ሰው አይሞትም።

«በጆሮዋ ነዋ!» አልኩት። «አንተ በጥርስህ ክር አትበጥስም?» እያልኩ፣ እሱ ሊያሸልብ ሲል አህያዋን ሌላ ሰፈር እያሳለፍኩ፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። ጉልበቴ አስፋልቱ ላይ ነደደ፣ እጄ ደነዘዘ። ገበታው ታየኝ። እሷ ተነሥታ በሩን ስታይ፣ ስትቀመጥ፣ እንደገና ስትነሣ ታየኝ። «ከቀረህ ሁለተኛ አልለምነውም» ያለችኝ እሷ ናት። «እጃችሁ ቢደነዝዝ አትለቁም» ያለችውም እሷው ናት። የቱን ልስማ?

አልለቀቅኩም። የወደድኳትን ሴት ቃል ያፈረስኩት የወደድኳትን ሴት ቃል ጠብቄ ነው።

ባለሙያዎቹ ሲመጡ ሰደርያውን ሳያነሡ፣ እንደተያዘ በጥንቃቄ ወሰዱት። በሩ ሊዘጋ ሲል «ወዴት... ታጠፈች?» ሲል ሰማሁት።

በደም የራሰ ሙሉ ልብስ ለብሼ የሴት ልጅ አባት ፊት አልቀርብም። ቤት ሮጥኩ። አክስቴ «የሰው ልብስ!» ብላ እየጮኸች ማስረጃዬን በሳሙና አሸችው። ቀይሬ እነሱ ደጃፍ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። አንኳኳሁ። የመስኮቱ መጋረጃ ተነቃነቀ። በሩ አልተከፈተም። እኔም እዚያው ቆሜ፣ የመጋረጃውን እጥፋት እያየሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ አስጠላኝ።

*

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ ተሰለፍን። እሷ መዝገቡን ይዛ እየጠራች መጣችና እኔ ጋ ቆመች።

«አሥራ ሰባት ቁጥር። ሰደርያህ የት አለ?»

«ቲቸር፣ ትናንት አደባባዩ ላይ ሞተረኛ ወድቆ፣ ለአንገቱ መደገፊያ...»

ሰልጣኙ ሁሉ ሳቀ። አዋላጇ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው «አይ አያልቅበት! አህያዋስ አብራችሁ ነበረች?» አሉ።

«ነበረች» አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ እውነት ነው። ሳቁ ባሰ።

እሷ ብቻ አልሳቀችም። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ ሥራ ያዘኝ ብሎ ደወለ። እሱንስ ለምጄዋለሁ፤ ሰበብ አያጣም። አንተ ግን መደወልም አልቻልክም። ሦስት ሳህን አቅርቤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ፈርቼ ቀረሁ ብትለኝ ይቅር እልህ ነበር። በሰው ነፍስ ትቀልዳለህ?»

«እውነቴን ነው።»

«ሰደርያ የሌለው ሞተር ላይ አይወጣም። ዓርብ ፈተና ነው። ሌላ ሰልጣኝ አታስጠብቅ።»

ዕድሜ ልኬን ውሸት አሽሞንሙኜ ስሸጥ ኖሬ፣ እውነት ይዤ የወጣሁ ቀን ገበያው ተዘጋ። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩ፤ «ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። «ዳቦ ይጭናል» ከማለት ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። በር ጠባቂው ራሱ ሳቀብኝ።

ማታ ደብዳቤ ጻፍኩ። እኔ ጽሑፍ ላይ የምወጣው እንደ አዋላጇ ሞተር ላይ ነው፤ ቀስ ብዬ፣ እየተነፈስኩ።

«ቲቸር፦ እሁድ አደባባዩ ላይ አንድ ሞተረኛ ወደቀ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ጭንቅላቱን ያዝኩ። አምቡላንስ እስኪመጣ አልለቀቅኩም። ሰደርያው አብሮት ሄደ። የቀረሁት ለዚህ ነው። ምንም አልጨመርኩም። ብጨምር ይረዝም ነበር።»

መዝገቧ ውስጥ አስገባሁላት። በማግስቱ ያው ወረቀት በአዋላጇ እጅ ተመለሰልኝ። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብላለች፦

«ከውሸቶችህ ሁሉ አጭሩ ይህ ነው። ያመመኝም ይሄኛው ነው።»

ቀይዋን መስመር ሃያ ጊዜ አነበብኳት። «ያመመኝ» የምትለው ላይ ስደርስ ግን፣ አታሙኝ፣ ደስ አለኝ። የማትወደው ሰው ውሸት ማንንም አያምም።

*

ዓርብ ፈታኙ መጣ። ሰልጣኞች በቢጫ ሰደርያ ተሰልፈዋል። እኔ ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሌሎችን ስምንት ቁጥር እቆጥራለሁ። አዋላጇ አንድም ኮን ሳይነኩ ጨርሰው እልል ሲሉ አጨበጨብኩላቸው።

አንድ መኪና በሩ ጋ ቆመ። ሽበታም፣ ትከሻ ሰፊ፣ እጃቸው እንደ ሰዓት ሠሪ እጅ ንጹሕ የሆነ ሰው ወረዱ። አንድ ጥቅል ነገር ብብታቸው ሥር ይዘዋል። አሰልጣኟ ስታያቸው እጇ ላይ የነበረው ፊሽካ ወደቀ።

«አባዬ? ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«የሰው ዕቃ ልመልስ ነው» አሉ። ጥቅሉን ዘረጉት። ቢጫ ሰደርያ። የማሰልጠኛው ስም፣ ከሥሩ 17። ታጥቧል፣ ግን አንድ ጥግ ላይ የደም ጥላ ቀርቶበታል። «ቁጥር አሥራ ሰባት ማን ነው?»

አዋላጇ በአገጫቸው አሳዩአቸው። «ያው፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ቀጣፊ።»

ተነሣሁ።

«እሁድ አርፍጄም ቢሆን ለምሳው ልወጣ ስል ጠሩኝ» አሉ ሐኪሙ፣ ለልጃቸው ይሁን ለእኔ ሳይለይ። «የአንገቱ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ሄልሜቱን ጎትተው ቢሆን ኖሮ እጅና እግሩን ዳግም አያዝዝም ነበር። ምናልባት እኔም ዘንድ አይደርስም ነበር። አንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ጭንቅላቱን ይዞለታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተይዞ የመጣልኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ትናንት ጣቶቹን አንቀሳቀሰ።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ያለውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ብሞክር እጨምራለሁ።

«ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ» አሉ ሐኪሙ። «እንደነቃ እኔን ይዞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኛል። መድኃኒቱ አስቀባጥሮት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋትም ደገመው። ‹ዶክተር፣ አህያዋ ወዴት ታጠፈች?› ይለኛል።»

መጀመሪያ የሳቁት አዋላጇ ናቸው። ከዚያ ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እሷ ግን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን አህያ በዓለም ላይ ከዚህ ሜዳ ሰዎች በቀር የሚያውቃት የለም። ስንት እውነት ምዬ ያላመነችኝ ሴት፣ በውሸቴ አመነችኝ።

«እውነት ነበር» አለች። «ደብዳቤው... እውነት ነበር። እኔ እኮ በር ዘጋሁብህ።»

«መጋረጃውን ግን ነቅንቀሻል» አልኳት።

ሐኪሙ ሜዳውን አዩ፤ ኮኖቹን፣ የተሰለፉትን ቢጫ ሰደርያዎች፣ ሳሩ ላይ የተቀመጠውን የመለማመጃ ሄልሜት። «እንዲህ አድርጎ መያዝን ማን አስተማረው?» አሉ።

«እኔ» አለች በቀጭን ድምፅ። ያ ሜዳ የሚሞላው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

ሐኪሙ ወደ ልጃቸው ተጠጉ። «ሠላሳ ዓመት የተሰበረ እጠብቃለሁ» አሉ። «ሦስት ዓመት ደግሞ አንቺን ተቀይሜ። አንቺ ለካ ቀድመሽኝ እየደረስሽ ነው። አመሰግናለሁ፣ ልጄ።» ግንባሯን ሳሟት። ሐኪም ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እንደኛው ነው የሚያለቅሱት፣ በእጅጌ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። የጎሚስታ እጄን፣ ጥቁሩ የማይለቀውን፣ በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕመምተኛ እጅ አገላብጠው አዩት። «ደንዝዞ ነበር?»

«በጣም፣ ዶክተር።»

«እግዜር ይስጥህ። ለመሆኑ አህያዋ ወዴት ታጠፈች?»

ውሸት የለም ብላኛለች። «እውነቱን ልንገርዎት? ገና አላሰብኩትም።»

«እንግዲያው እስከ እሁድ አስብበት። ሰባት ሰዓት፣ ምሳ ላይ ትነግረናለህ። በሽተኛዬ ዘንድ ባዶ እጄን አልመለስም።»

እሷ ሰደርያውን ከአባቷ ተቀበለች። ራሷ አለበሰችኝ። የጎኑን ማሰሪያ ስታጠብቅ እጇ እንደዚያ ቀን ዘገየ፤ አሁን ግን አባቷም፣ አዋላጇም፣ ፈታኙም እያዩ ነው፣ አልነሣችውም።

«ዓይንህን መውጫው ላይ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሄደችም።

ሞተሩን አስነሣሁ። አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ። ትከሻዬን ዞሬ ወደ ኋላ አየሁ፤ ፍሬቻም አበራሁ። የመጀመሪያውን ዙር፣ ሁለተኛውን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ለአስተማሪ ታዝዤ አላውቅም፤ ከመውጫው በቀር ምንም አላየሁም። ምን ላድርግ ታዲያ? መውጫው ላይ የቆመችው እሷ ነበረች።

አንድም ኮን አልነካሁም። ፊቷ ደርሼ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ እግሬን መሬት ላይ ተከልኩ። «ምን እያየህ ነበር?» አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አለቀብኝ። የሄልሜቴን መስታወት ዝቅ አደረግኩ፤ ከውስጥ ደብዝዞ ምንም አላሳይ አለኝ። እኔ ግን እየሳቅኩ አልነበረም።